በሁለት ሩቅ አየር ማረፊያዎች መካከል ያለውን የበረራ ርቀትና የጉዞ ጊዜ እንዴት ማስላት ይቻላል

የርቀት ማስያ ድረ ገጾች የሁለት ከተሞች ስም ሲገባላቸው አንድ ርቀትና አንድ የበረራ ሰዓት ይሰጣሉ። ርቀቱን ብዙ ጊዜ ማመን ይቻላል። የሰዓቱ ነገር ግን ሌላ ነው፤ አብዛኛዎቹ ርቀቱን ለአንድ ቋሚ ፍጥነት አካፍለው ያወጡታል። ነፋሱንም፣ የበረራውን አቅጣጫም፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚያጠፋውን ደቂቃም አያስገቡም። በዚህ ምክንያት ከሎስ አንጀለስ ወደ ቶኪዮና ከቶኪዮ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚወስደውን ጊዜ እኩል አድርገው ያሳያሉ። በተግባር ግን በመሄጃውና በመመለሻው መካከል የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት አለ።

ርቀት ለሁለቱም አቅጣጫ አንዴ ከተሰላ በቂ ነው። ጊዜ ግን ለመሄጃውና ለመመለሻው ለየብቻ ይሠራል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሎስ አንጀለስንና የቶኪዮውን ናሪታ ምሳሌ አድርገው ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መድረሻው የአካባቢ ሰዓት ድረስ ይሄዳሉ። የሚያስፈልገው ሳይን፣ ኮሳይንና የኮሳይን ተገላቢጦሽ የሚያወጣ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር፣ የሁለቱ ኤርፖርቶች መገኛ ቁጥሮችና ሁለቱ ቦታዎች ከዩቲሲ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ የማጣቀሻ ሰዓት፣ ያላቸው የሰዓት ልዩነት ነው። የስልክ ካልኩሌተር ስልኩ ወደ ጎን ሲዞር የሚያሳየው ሰፊ ገጽ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ከተማውን ሳይሆን ኤርፖርቱን ይለዩ

"ቶኪዮ" ማለት ለስሌት አይበቃም። ናሪታና ሃኔዳ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ለንደንም ሂትሮው፣ ጋትዊክ፣ ስታንስቴድ፣ ሉተን እያለ ይቀጥላል። ከከተማ ስም ይልቅ የኤርፖርቱን ባለሦስት ፊደል ኮድ ይያዙ፤ ሎስ አንጀለስ ኤል ኤ ኤክስ፣ ናሪታ ኤን አር ቲ ነው። ትኬት ላይና የሻንጣ መለያ ወረቀት ላይ የሚታተመው ይኸው ኮድ ነው። አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የሚጠቀሙበት ባለአራት ፊደል ኮድ ሌላ ስለሆነ ሁለቱን እንዳያቀላቅሉ።

ኮዱ የሚጠቅመው ስም ሲመሳሰል ነው። የኮስታ ሪካው ሳን ሆሴ ኤስ ጄ ኦ፣ የካሊፎርኒያው ሳን ሆዜ ኤስ ጄ ሲ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፉ በአንዲት ምልክት ብቻ ይለያያሉ። የአውስትራሊያዋ ሲድኒ ኤስ ዋይ ዲ ስትሆን የካናዳዋ ሲድኒ ዋይ ኪው ዋይ ናት። ይህን ሳያዩ ትኬት ቆርጠው ከፈለጉት አህጉር ሌላ አህጉር ላይ ያረፉ መንገደኞች ዜና ሆነው ያውቃሉ።

ደረጃ 2፦ መገኛ ቁጥሮቹን በትክክል ይጻፉ

እያንዳንዱ ኤርፖርት ኬክሮስና ኬንትሮስ አለው። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ፣ ኬንትሮስ ከግሪኒች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ዲግሪ ይለካል። የሚወሰደው የኤርፖርቱ ማጣቀሻ ነጥብ ነው፤ ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ በማኮብኮቢያዎቹ መካከል ይወድቃል። የተርሚናሉን በር ወይም የከተማውን መሐል መውሰድ አያስፈልግም።

ሎስ አንጀለስ፦ 33.9425 ሰሜን፣ 118.4081 ምዕራብ
ናሪታ፦ 35.7647 ሰሜን፣ 140.3864 ምሥራቅ

ሁለት ቁጥር ከነጥብ በኋላ ካለ ስህተቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ አራት ቁጥር ከበቂ በላይ ነው።

ቁጥሩ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሴኮንድ ከተሰጠ መጀመሪያ ወደ አስርዮሽ ይለውጡት። ደቂቃውን ለ60፣ ሴኮንዱን ለ3,600 አካፍለው ከዲግሪው ጋር ይደምሩ። 33 ዲግሪ ከ56 ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ የሚለው 33 + 0.9333 + 0.0092 ማለትም 33.9425 ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ "33 ዲግሪ ከ56" የሚለውን እንዳለ 33.56 ብሎ ያስገባል። አንዷ ነጥብ ኤርፖርቱን 42 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ትገፋዋለች።

ከዚያ ምልክት ይስጡ። ሰሜንና ምሥራቅ ፖዘቲቭ፣ ደቡብና ምዕራብ ኔጋቲቭ ናቸው። ስለዚህ የሎስ አንጀለስ ኬንትሮስ −118.4081 ነው። የኔጋቲቭ ምልክቷ ከተረሳች ሎስ አንጀለስ ምሥራቅ ቻይና ውስጥ ትገባና ርቀቱ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለው ስህተት ቢያንስ ዓይን ይይዛል። ወደ ምድር ወገብ የሚጠጋ ኤርፖርት የደቡብ ምልክቱ ቢረሳ ግን ልዩነቱ ትንሽ ስለሚሆን ማንም ሳያስተውለው ያልፋል፤ ይበልጥ መጠንቀቅ እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 3፦ ርቀቱን ያስሉ

በሉል ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ ታላቅ ክብ በሚባለው መስመር ላይ ያልፋል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረው ቀጥታ መስመር አጭሩ መንገድ አይደለም። በምሳሌያችን ሁለቱ ኤርፖርቶች በ34ኛውና በ36ኛው ዲግሪ አካባቢ ስላሉ ካርታው ላይ መንገዱ በፓሲፊክ መሐል ወደ ጎን የተዘረጋ ይመስላል። አጭሩ መንገድ ግን እስከ 47.7 ዲግሪ ሰሜን ወጥቶ ይመለሳል። በ35ኛው ዲግሪ ላይ ተጣብቀው ቢሄዱ 9,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በታላቁ ክብ ሲሄዱ 460 ያህሉ ይቀንሳል።

ቀመሩ ይህ ነው፦

ኮሳይን ማ = (ሳይን ኬ1 × ሳይን ኬ2) + (ኮሳይን ኬ1 × ኮሳይን ኬ2 × ኮሳይን ል)

"ኬ1" እና "ኬ2" የሁለቱ ኤርፖርቶች ኬክሮስ፣ "ል" የኬንትሮሶቹ ልዩነት፣ "ማ" ደግሞ ከምድር መሐል ሲታይ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ማዕዘን ነው።

ሀ. የኬንትሮስ ልዩነቱን ያውጡ። 140.3864 − (−118.4081) = 258.7945። ከ180 ስለበለጠ ከ360 ይቀነሳል፤ 101.2055 ዲግሪ ይቀራል። መንገዱ የሚያልፈው በዚያኛው በኩል፣ የቀን መለያ መስመሩን አቋርጦ ነው ማለት ነው። በእርግጥ ኮሳይን ለሁለቱም ቁጥሮች አንድ ውጤት ስለሚሰጥ ቀመሩ ላይ ችግር አይፈጥርም፤ በግምት ለሚሠራ ሰው ግን ወሳኝ ነው።

ለ. ካልኩሌተሩ በዲግሪ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ሳይን 30 ሲጫኑ 0.5 ካልመጣ በሬዲያን፣ ማለትም በሌላ የማዕዘን መለኪያ፣ ላይ ነው። ኤክሴልን የመሳሰሉ የሰንጠረዥ ፕሮግራሞች የሚቀበሉት ሬዲያን ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ እያንዳንዱን ዲግሪ በ0.0174533 ማባዛት ግድ ነው።

ሐ. ክፍሎቹን ያስሉ።
ሳይን 33.9425 = 0.55836፣ ሳይን 35.7647 = 0.58446፤ ብዜታቸው 0.32634።
ኮሳይን 33.9425 = 0.82960፣ ኮሳይን 35.7647 = 0.81142፣ ኮሳይን 101.2055 = −0.19433፤ የሦስቱ ብዜት −0.13081።

መ. ይደምሩ፦ 0.32634 − 0.13081 = 0.1955። የዚህን የኮሳይን ተገላቢጦሽ ሲወስዱ 78.725 ዲግሪ ይመጣል።

ሠ. ማዕዘኑን በ111.195 ያባዙ፤ 8,754 ኪሎ ሜትር። 111.195 የመጣው የምድር አማካይ ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው ከሚለው ነው። ካልኩሌተሩ መልሱን በሬዲያን ከሰጠ (1.374) በቀጥታ በ6,371 ቢያባዙት ያው ነው።

በባሕር ማይል ለሚፈልግ ደግሞ ሥራው ይቀላል። አንድ ዲግሪ 60 የባሕር ማይል ስለሆነ 78.725 × 60 = 4,723 ገደማ ይሆናል። የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር፣ የየብስ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። ዝም ብሎ "ማይል" የሚል ቁጥር ሲያጋጥምዎ የትኛው እንደሆነ ሳያጣሩ አይለውጡት፤ በሁለቱ መካከል የ15 በመቶ ልዩነት አለ።

ምድር ፍጹም ሉል አይደለችም። በወገቧ ሬዲየሷ 6,378፣ በዋልታዎቿ 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን የሚያስገባ ዘዴ ለዚህ መስመር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ 8,773 የሚል ድረ ገጽ ካዩ የተሳሳተ ማንም የለም። በየትኛውም መስመር ላይ የሉሉ ስሌት ስህተት ከግማሽ በመቶ ብዙም አያልፍም። አውሮፕላኑ በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ስለሚበር ርቀቱ አይጨምርም ወይ የሚል ጥያቄም ይነሳል። ይጨምራል፤ ግን 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ውጤቱን ሳያጣሩ አይለፉ። በምድር ላይ ማንኛውም ሁለት ቦታ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ብዙም አይራራቅም፤ ከዚያ በላይ ከወጣ የሆነ ቦታ ላይ ተሳስተዋል። የሉል ካርታ ካለ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥረው ክሩን ወገቡ ላይ ይዘርጉትና ስንት ዲግሪ እንደሸፈነ ያንብቡ፤ በ111 ሲባዛ ከስሌቱ ጋር መቀራረብ አለበት። ሁለቱ ኤርፖርቶች የምድር ተቃራኒ ጫፍ ላይ ከሆኑና ርቀቱ ወደ 20,000 ከተጠጋ ደግሞ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱ መንገዱ እኩል ሊባል የሚችል ነው፤ ያን ጊዜ መንገዱን የሚመርጠው ነፋሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ከአጭሩ መስመር ወደ እውነተኛው መንገድ

ማንም አውሮፕላን በታላቁ ክብ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይበርም። ከማኮብኮቢያው የሚነሳው ነፋሱ ባለበት አቅጣጫ ነው፤ ወደ መስመሩ ለመግባት ይዞራል፣ ለማረፍም ይዞራል። በመሐልም የአየር መንገዶች መስመር፣ የወታደር ቀጠናና የነጎድጓድ ደመና አለ። ለተራ ረጅም በረራ ከ2 እስከ 4 በመቶ መጨመር ይበቃል። በምሳሌያችን ምድር ፍጹም ሉል አለመሆኗን ያስገባውን 8,773 በ1.02 ስናባዛ 8,948 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ትልቅ መጠምዘዝ የሚመጣው በሁለት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው የተዘጋ የአየር ክልል ነው። ከፌብሩዋሪ መጨረሻና ከማርች መጀመሪያ 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት፣ የብሪታንያ፣ የአሜሪካና የካናዳ አየር መንገዶች በሩሲያ ሰማይ አያልፉም። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ የነበረው ከ9 እስከ 10 ሰዓት የሚወስድ በረራ በዚህ ምክንያት ወደ 13 ሰዓት ገደማ አድጓል፤ የሚያልፈው በሰሜን ዋልታ በኩል ወይም በደቡብ ዞሮ ነው። የሁለቱ ከተሞች ርቀት ግን ያው ነው። በመስመሩ ላይ የሚበሩት ሁለት አየር መንገዶች የተለያየ አገር ከሆኑ አንዱ በዚያ ክልል ሲያልፍ ሌላው ሊዞር ይችላል። ስለዚህ በአውሮፓና በምሥራቅ እስያ መካከል ለሚደረግ በረራ የአየር መንገዱን ማንነት ሳያውቁ ሰዓት መገመት አይቻልም።

ሁለተኛው ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ላይ ያለው ደንብ ነው። አንዱ ሞተር ቢቆም በሌላው ብቻ እየበረረ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ሊያርፍበት የሚችል ኤርፖርት ሊኖር ይገባል። ደቂቃው እንደ አውሮፕላኑና እንደ አየር መንገዱ ፈቃድ 120፣ 180፣ 330 እያለ ይሄዳል። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ይህ ብዙም አያስቸግርም። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ግን፣ ለምሳሌ ከሲድኒ ሳንቲያጎ ወይም ከሲድኒ ጆሃንስበርግ ሲኬድ፣ አጭሩ መስመር ኤርፖርት በሌለበት ውቅያኖስ ላይ ወደ አንታርክቲካ ስለሚያዘነብል ፈቃዱ ያነሰ አውሮፕላን ወደ ሰሜን ገባ ብሎ ለማለፍ ይገደዳል።

ደረጃ 5፦ በአየር ላይ የሚወስደውን ጊዜ ያውጡ

የጄት አውሮፕላን ፍጥነት የሚነገረው በማክ፣ ማለትም ከድምፅ ፍጥነት ጋር ተነጻጽሮ ነው። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ አየሩ −56.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ድምፅ በሰዓት 1,062 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ብዙ ጊዜ በማክ 0.85 ስለሚበሩ 900 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ነው። ቦይንግ 777 በ0.84 ወደ 890፣ ኤርባስ ኤ330 በ0.82 ወደ 870፣ ቦይንግ 737 እና ኤርባስ ኤ320 በ0.78 ወደ 830 ይሄዳሉ። በአሥር ሰዓት በረራ ላይ በ787 እና በኤ330 መካከል ያለው ልዩነት 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አውሮፕላኑን የማያውቁት ከሆነ ለረጅም መስመር 900ን ይያዙ።

በዚህ ፍጥነት ላይ ነፋሱ ይደመራል ወይም ይቀነሳል። በመካከለኛው ኬክሮስ፣ በሰሜንም በደቡብም ንፍቀ ክበብ፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ይገፋል፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ይታገላል። ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚበረው መሬቱ ራሱ ይመጣለታል የሚል አስተሳሰብ አለ። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ስለሚዞር ይህ ልክ አይደለም፤ እንዲያውም በተግባር የሚታየው ተቃራኒው ነው።

በነፋሱ ዋና ጉያ ውስጥ በሰዓት ከ150 እስከ 250 ኪሎ ሜትር የተለመደ ነው። አውሮፕላኑ ግን መንገዱን ሁሉ እዚያ ውስጥ አይሄድም። ስለዚህ ለስሌት የሚወሰደው በመንገዱ ሁሉ ላይ ሲካፈል የሚገኘው አማካይ ነው። ለግምት እነዚህን ይጠቀሙ፦

ከምዕራብ ምሥራቅ በመካከለኛው ኬክሮስ፣ የዓመቱ አማካይ፦ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት
በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፦ 100 እና ከዚያ በላይ
በዚያው በጁላይና በኦገስት፦ 40
ከሰሜን ደቡብ ለሚሄድ መስመርና በምድር ወገብ አካባቢ፦ ከ0 እስከ 20

አሁን ያካፍሉ። በዓመቱ አማካይ፦

ከሎስ አንጀለስ ወደ ናሪታ (ተቃራኒ ነፋስ)፦ 8,948 ÷ (900 − 70) = 10.78 ሰዓት፣ ማለትም 10 ሰዓት ከ47 ደቂቃ።
ከናሪታ ወደ ሎስ አንጀለስ (የኋላ ነፋስ)፦ 8,948 ÷ (900 + 70) = 9.22 ሰዓት፣ ማለትም 9 ሰዓት ከ13 ደቂቃ።

10.78 ሰዓት ማለት 10 ሰዓት ከ78 ደቂቃ አይደለም። 0.78ን በ60 አባዝተው 47 ደቂቃ ያገኛሉ። ቀላል ይመስላል፣ ግን በየጊዜው የሚደገም ስህተት ነው።

አብራሪዎች ርቀትን ለነፋስ ሲሉ ይሠዋሉ። ከቶኪዮ ወደ አሜሪካ የሚሄዱት ነፋሱን ለመያዝ ከታላቁ ክብ በስተደቡብ ሲወርዱ፣ የሚመለሱት ደግሞ ከነፋሱ ለማምለጥ ወደ ሰሜን ይወጣሉ። በፓሲፊክና በሰሜን አትላንቲክ ላይ የበረራ መስመሮቹ በየዕለቱ በነፋሱ ትንበያ መሠረት የሚወጡት ለዚህ ነው። ነፋሱ እስከምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማየት የ9 ፌብሩዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. በረራ ይበቃል። በዚያ ሌሊት በማዕበል ጊዜ ከኒው ዮርክ ወደ ለንደን የበረረ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ደረሰ። በዚህ መስመር ወደ ምሥራቅ የተለመደው የትኬት ሰዓት 7፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 8 ሰዓት ገደማ ነው። በደቡብም ያው ነው፤ ከሲድኒ ወደ ጆሃንስበርግ 14 ሰዓት ያህል ሲወስድ መመለሻው 12 ገደማ ነው።

ደረጃ 6፦ መሬት ላይ የሚያልፈውን ጊዜ ይጨምሩ

ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ይጀምርና መድረሻው ላይ ሲቆም ያበቃል። የበረራ መከታተያ መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ግን ጎማው ከማኮብኮቢያው ከለቀቀበት እስከ ነካበት ያለውን ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የማይገጥሙት በዚህ ነው።

ለረጅም በረራ 45 ደቂቃ ይጨምሩ። ከዚህ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህሉ አውሮፕላኑ ሲወጣና ሲወርድ ከሙሉ ፍጥነቱ በታች ስለሚሄድ የሚጠፋ ነው። የቀረው ወደ ማኮብኮቢያ መንዳት፣ ተራ መጠበቅና ካረፉ በኋላ ወደ መቆሚያው መሄድ ነው። በጣም የሚጨናነቅ ኤርፖርት ከሆነ አንድ ሰዓት ቢያደርጉት አይበዛም። አየር መንገዶችም ዘገዩ እንዳይባሉ ትኬቱ ላይ የተወሰኑ ደቂቃዎችን አስቀድመው ይጨምራሉ፤ 20 ደቂቃ ቀድመን ደረስን የሚለው የካፒቴኑ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከዚያ የመጣ ነው።

ወደ ናሪታ፦ 10፡47 + 0፡45 = 11 ሰዓት ከ32 ደቂቃ።
ወደ ሎስ አንጀለስ፦ 9፡13 + 0፡45 = 9 ሰዓት ከ58 ደቂቃ።

በጃንዋሪ ነፋሱን 100 አድርገው ቢሠሩት 11፡56 እና 9፡42፣ በጁላይ 40 አድርገው ቢሠሩት 11፡09 እና 10፡16 ይመጣል። ለሌላ ሰው ሲናገሩ "11 ሰዓት ተኩል፣ ግማሽ ሰዓት ወዲህ ወዲያ" ማለት ከአንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የበለጠ እውነት ነው።

ደረጃ 7፦ ወደ አካባቢ ሰዓት ይለውጡ

የመነሻውን ሰዓት በቀጥታ ወደ መድረሻው ሰዓት ለመለወጥ አይሞክሩ። ሁልጊዜ በዩቲሲ በኩል ይለፉ። ትኬት ላይ ያለው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 00:00 እኩለ ሌሊት፣ 12:00 እኩለ ቀን ነው። መነሻም መድረሻም የሚጻፉት በየራሳቸው ቦታ ሰዓት ነው።

1. መነሻውን ወደ ዩቲሲ ይለውጡ። ሎስ አንጀለስ በጃንዋሪ ከዩቲሲ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። 12:00 ሲሆን ዩቲሲ 20:00 ነው።
2. የበረራውን ጊዜ ይደምሩ። 20:00 + 11:32 = 31:32፤ ከ24 ስለበለጠ 24 ተቀንሶ 07:32 ይሆናል፣ ቀኑም በአንድ ይጨምራል።
3. የመድረሻውን ልዩነት ያስገቡ። ቶኪዮ በ9 ሰዓት ትቀድማለች፤ 07:32 + 9 = 16:32፣ በማግስቱ።

ሲመለሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከናሪታ 17:00 ቢነሱ ዩቲሲ 08:00 ነው፤ 9:58 ሲደመር 17:58፤ 8 ሲቀነስ ሎስ አንጀለስ 09:58፣ በዚያው ቀን። ከተነሱበት ሰዓት ቀድመው ደረሱ ማለት ነው። ስሌቱ ልክ ነው፤ የቀን መለያ መስመሩን ወደ ምሥራቅ ሲያቋርጡ እንዲህ ይሆናል። ሆቴል ሲያዝ ስህተት የሚፈጠረው በዚህ ነው፤ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ አንድ ሌሊት ይዘለላል፣ ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ አንድ ቀን ሁለቴ ይኖራል።

የበጋ ሰዓት ለውጥን ይጠንቀቁ። ጃፓን ሰዓቷን አትለውጥም። አሜሪካ ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ትሄዳለች፤ አብዛኛው አውሮፓ ደግሞ ከማርች መጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ እሑድ። በነዚህ ቀናት መካከል ባሉት ጥቂት ሳምንታት በኒው ዮርክና በለንደን መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ልዩነት ሁልጊዜ ሙሉ ሰዓት ነው ብለውም አያስቡ፤ ሕንድ 5 ሰዓት ተኩል፣ ኔፓል 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማሉ።

ደረጃ 8፦ የማያርፍ በረራ ከሌለ

ርቀቱ ከ15,500 ኪሎ ሜትር በላይ ከወጣ መሐል ላይ ማረፍ እንዳለ ይውሰዱት። እስካሁን ረጅሙ መደበኛ የማያርፍ በረራ ከሲንጋፖር ወደ ኒው ዮርክ ጆን ኤፍ ኬኔዲ የሚደረገው ነው፤ ርቀቱ 15,349 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜው ከ18 ሰዓት በላይ። "ቀጥታ በረራ" የሚለው ቃል ግን አያታልልዎ። በአንድ የበረራ ቁጥር ሄዶ መሐል ላይ የሚያርፍም ቀጥታ ይባላል፤ የካንታስ ቁጥር 1 ከሲድኒ ለንደን የሚሄደው ሲንጋፖር ላይ አርፎ ነው። ሲፈልጉ "የማያርፍ" የሚለውን ይምረጡ።

መሸጋገሪያ ሲኖር እያንዳንዱን ክፍል ለብቻ አስልተው ይደምሩ። የመሸጋገሪያው ቦታ ልዩነት ያመጣል። ከለንደን ሲድኒ በአጭሩ መስመር 17,000 ኪሎ ሜትር ነው። በሲንጋፖር በኩል 10,900 ሲደመር 6,300፣ ማለትም 17,200 ይሆናል፤ መጠምዘዙ ኢምንት ነው። በሎስ አንጀለስ በኩል ግን ወደ 20,800 ይደርሳል፤ 4 ሰዓት ተጨማሪ በረራ ማለት ነው። ትኬቱ ቢረክስም ይህን ያስቡበት።

በመሐል የሚጠበቀውን ጊዜ ከልክ በላይ አያሳጥሩ። ኤርፖርቶች የራሳቸው ዝቅተኛ የመሸጋገሪያ ጊዜ አላቸው፤ አየር መንገዱ ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ከሸጠ ከዚያ በታች አይሸጥም፣ ቢያመልጥዎም ሌላ በረራ ላይ ያስገባዎታል። ሁለት ትኬት ለየብቻ ከገዙ ግን ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው፤ ሻንጣ ወስዶ እንደገና ማስረከብና ምናልባትም የመግቢያ ቪዛ ማሳየት ሊኖር ስለሚችል ከ3 ሰዓት በታች አይሞክሩ። አንዱ በረራ ሃኔዳ አርፎ ሌላው ከናሪታ የሚነሳ ከሆነ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይተዉ።

ከቤት እስከ ቤት ያለውን ለማወቅ ደግሞ ከመነሻው በፊት 3 ሰዓት፣ ካረፉ በኋላ ለፓስፖርትና ለሻንጣ 1 ሰዓት ይጨምሩ።

ደረጃ 9፦ ከእውነተኛ በረራ ጋር ያመሳክሩ

በመስመሩ ላይ መደበኛ በረራ ካለ የአየር መንገዱን መርሐ ግብር ለሁለቱም አቅጣጫ ይክፈቱ። አየር መንገዶች መርሐ ግብራቸውን የሚቀይሩት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ የሚጓዙበትን ወር ይምረጡ። የእርስዎ ስሌት ከእነሱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው።

ካልገጠመ ችግሩ የት እንዳለ ከልዩነቱ ይታወቃል። ሁለቱም አቅጣጫ በእኩል ያነሰ ከወጣዎ መጠምዘዝ ወይም የመሬት ላይ ጊዜ አሳንሰዋል። አንዱ በዝቶ ሌላው ካነሰ የነፋሱን መጠን፣ ወይም አቅጣጫውን ጭራሽ ገልብጠው እንደሆነ ይዩ። ልዩነቱ ልክ አንድ ሰዓት ከሆነ የበጋ ሰዓት ለውጥ ነው። ልክ 24 ሰዓት ከሆነ ቀኑን ተሳስተዋል። ከ2 ሰዓት በላይ ሆኖ በሁለቱም በኩል ከታየ ደግሞ ወደ ካርታው ይመለሱ፤ ወይ በመንገዱ ላይ የተዘጋ ሰማይ አለ፣ ወይ የያዙት የሌላ ከተማ ኮድ ነው።